ያንድ ወናፍ

ሻርጃ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ደመቀች፣

የአምላክ ሰላም በቤትዎ ይደር። ክረምቱን እንዴት ወጡት? ልጅዎ እየሩሳሌም እንደምን ናት፣ ማስተማሩ ተመቻት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤም ጎንበስ ብሎ ከመዋል የመጣ ነውና አይዘኑልኝ።

ደብዳቤ መጻፌ አይግረምዎ። ስልክ ሲሆን “ደህና ነህ? ደህና ነኝ፤ በል ወጪ አታብዛ” ብለው ይዘጉብኛል። የማወጋዎት ነገር ደግሞ እንዲያ ተብሎ የሚያልቅ አይደለም።

እንደሚያውቁት የምሠራው አንድ ሕንዳዊ ወርቅ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ሻጮቹ ከፊት፣ እኛ አንጥረኞቹ ከኋላ። ባለፈው ሰሞን አንዲት የኩዌት እመቤት መጣችና ለልጇ ሠርግ የአንገት፣ የጆሮ፣ የእጅና የጣት ጌጥ ባንድ መልክ እንዲሠራላት አዘዘች። እሷ “ጠቅም” አለችው፤ ዓረቦች እንዲያ ነው የሚሉት። አሠሪዬ በእንግሊዝኛ “ሴት” አለው። አብሮን የሚሠራ አንድ የቤይሩት ሰው አለ፤ እሱ ደግሞ “ፈረንሳዮቹ ፓሩር ይሉታል፤ አንገትና ጆሮ ብቻ ከሆነ ግማሽ ፓሩር ነው” አለ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። “በእናንተ አገርስ ምን ይባላል?”

ቃሉን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ፣ የኔ አያት ወልደተንሣኤና የእርስዎ አያት ወልደአረጋይ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ አንኮበር ገደሉ አፋፍ ላይ ባለችው ጎጆ ሲሠሩ ይሉት ነበር። ልቤ ያውቀዋል፣ አፌ ግን አላወጣው አለ። “የለንም” አልኳቸው። “የለንም” ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እርስዎ እዚያው ቤት ነው ያደጉት። ያንን ቃል፣ ሌላም የሚያስታውሱት ካለ፣ ይጻፉልኝ። ለልጆች ሊቀር ይገባዋል። ለጥምቀት የምትሆን ትንሽ ነገር በባንክ ልኬያለሁ፤ አነሰች ብለው አይቀየሙኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
ወርቅአገኘሁ


ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለወርቅአገኘሁ፣

ስምህን ሲጠሩልኝ ደስ የሚለኝ ወንድሜ፣ የእግዚአብሔር ጥበቃ ካንተ ጋር ይሁን። እኔ አለሁ። እዚህ ውርጩ ጀምሯል፤ ሰፈራችንን ጠባሴን ታውቃታለህ፣ ጠዋት ጠዋት እጅ አያስዘረጋም። ደብዳቤህ በእድራችን ፖስታ ሣጥን መጥቶ የእድሩ ጸሐፊ እቤቴ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። የላክኸውም ደርሶኛል። እድሜና ጤና ይስጥህ።

የጠየቅኸኝን ሳነብ ተነሥቼ በሩን ገፋ አደረግሁት። ማንም አልነበረም፤ ግን ገፋ አደረግሁት። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ስቀጠር የቤተሰብ ሥራ ሲሉኝ “ገበሬ” ብዬ ነው ያስጻፍሁት። ውሸት አይደለም፣ እርሻም ነበረን። የቀረውን የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርሁም። ባሌ ሳያውቅ ሞተ፤ ወይም አውቆ ዝም ብሎኝ ይሆናል። እየሩሳሌም አታውቅም።

ቃሉ “ያንድ ወናፍ” ነው። ድሪው፣ ጉትቻው፣ አምባሩ፣ አልቦው፣ ሁሉም ወናፉ አንዴ እሳቱን ነፍቶ ካቀለጠው ብር ወጥቶ ባንድ እጅ ሲሠራ፣ ያንድ ወናፍ ነው ይሉታል። ድሪና ጉትቻ ብቻ ከሆነ “እናትና ልጆቿ” ነው። አንዱ ጠፍቶ፣ በሌላ ብር ተመስሎ ሲጨመር ደግሞ ያ የተጨመረው “የእንጀራ ልጅ” ይባላል። አያቴ የእንጀራ ልጅ አያመልጠውም ነበር። ጥርሱ ላይ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ይሰማል፤ “ይቺ የሌላ ናት” ይላል። እኔም ምላሴ ለምዶ ዛሬም የተመሳሰለ ነገር ሳይ፣ ስኒም ይሁን ካልሲ፣ ያንድ ወናፍ እላለሁ። እየሩሳሌምም ከኔ ወስዳው ትለዋለች። የአንኮበር አማርኛ ይመስላታል።

አሁን ደግሞ የምሥራች ልንገርህ። ለእየሩሳሌም ሽማግሌ መጣ። ልጁ ሚኪያስ ይባላል፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የማሽን ጥገና ይሠራል። አፉ ቁጥብ፣ እጁ ሥራ የማይፈራ ልጅ ነው። አባትና እናቱ በልጅነቱ ሞተውበት ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው። ጨዋ ሴት ናቸው፤ እናታቸው ወደ አንኮበር ነበሩ አሉ። ሰባት ቤት ቁጠሩ ተባልን፣ ቆጠርን። ስም ነው የጠየቁኝ፤ የማንንም ሥራ አልጠየቁም። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል።

ሳቅህ እንዲመጣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ሽማግሌዎቹ “ለሙሽራዋ ፉል ሴት እናደርጋለን” ሲሉ፣ እኔ “ሴቷማ ይቻትላችሁ” አልሁ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ለካ የወርቁን ነው። እንግዲህ እንዳላፍር ፉል ሴት ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ጻፍልኝ።

ለልጆች ይቅር ያልኸው ደግ ሐሳብ ነው። ብቻ ሁሉም በልኩ። የቀረውን አንተም ታውቀዋለህ።

እህትህ
ደመቀች


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ደመቀች፣

ያበሰሩን ደስታ እስከ ዘር ማንዘር ይድረስ። እየሩሳሌምን እንኳን ደስ አለሽ ይበሉልኝ። ሚኪያስንም ሳላየው ወደድኩት። ደብዳቤዎን ሦስት ቦታ ላይ ማንበብ አቅቶኝ እያቆምኩ ነው የጨረስኩት። “ያንድ ወናፍ።” ጮክ ብዬ ስለው አያቶቻችን በር ላይ የቆሙ መሰለኝ። በማግሥቱ ሥራ ቦታ ገብቼ “አለን፤ ባለፈው የለንም ያልኩት ረስቼ ነው” አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው አሠሪዬ መዶሻውን አስቀምጦ አዳመጠኝ።

ፉል ሴት ማለት የአንገት ሐብል ከነጌጡ፣ ጉትቻ፣ የእጅ አምባርና ቀለበት ነው። አንዳንዱ ቤት አምባሩን ነጥሎ ይሸጣልና አስቀድመው ይጠይቁ። ሌላው ደግሞ፣ ሻጮች አንዱ ሲሸጥባቸው ከሌላ አምጥተው ያዳብላሉ። ስለዚህ እየሩሳሌም ራሷ ትሂድ፣ ወደ ብርሃን አውጥታ ትየው። ቀለሙና መቆለፊያው ካልገጠመላት አትፈር፣ ትናገር። አንዴ ነው የምታገባው።

አሁን የኔን ዜና ልንገርዎ። ቲክቶክ ላይ “ያንጥረኛው ልጅ” የሚል ከፍቼ ስለ ጌጥ አሠራር አወራለሁ። እስከ ዛሬ የሚሰማኝ ጥቂት ሰው ነበር። ያንድ ወናፍን የተናገርኩ ዕለት ግን አገር ምድሩ ነው ያየው። ዓረቦቹ እንዲህ ይላሉ፣ ፈረንሳዮቹ እንዲህ፣ እኛ ግን ያንድ ወናፍ እንላለን አልኩ። እናትና ልጆቿን፣ የእንጀራ ልጅንም አስረዳሁ። “ይህን ቃል ከአንጥረኛ ቤት ውጭ አትሰሙትም። ከሰማችሁ ያ ሰው የኛ ነው፣ ሰላም በሉልኝ” አልኩ። ቃሉን ያቆየችልኝ ደብረ ብርሃን ያለች እህቴ ናት ብዬም አመሰገንኩ። አይስጉ፣ ስም አልጠራሁም።

ካሜራ ፊት ቆሜ የአያቴን ሥራ በስሙ ስጠራው፣ ጀርባዬ ቀና ሲል ታወቀኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
ወርቅአገኘሁ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወርቅአገኘሁ፣

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ይህን ደብዳቤ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ከጻፍሁት በኋላም ሳልከው ቆይቻለሁ፤ አሁን እንደገና ገለበጥሁት። በአጭሩ የምፈልገውን ከፊት ልንገርህ፤ ያንን ያወራኸውን ነገር አጥፋልኝ። ምክንያቱን ስማ።

በጥር መጨረሻ ወርቅ ቤት ሄድን። እኔ፣ እየሩሳሌም፣ ሚኪያስና ወይዘሮ በላይነሽ። ሻጩ ቀይ ሣጥን ከፈተልን፤ ሐብሉም ጉትቻውም ያምራል። እየሩሳሌም አንተ እንደመከርኸው ጉትቻውን ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችና መለስ ብላ እየሳቀች፣ “ይሄ እኮ ያንድ ወናፍ አይደለም” አለች። “ጉትቻው የእንጀራ ልጅ ነው።”

ሻጩ አልተከራከረም። “ልክ ነሽ፣ የሱ ጉትቻ ተሸጦብኝ ነው” አለ። ሚኪያስ ፊቱ በራ፤ ኮራባት። ወይዘሮ በላይነሽ ግን አልሳቁም።

“ምን አልሽ ልጄ?”

“ያንድ ወናፍ አይደለም ነው ያልኩት።”

“ይህን ቃል ከማን ሰማሽው?”

“ከእማ ነዋ። እማ ሁልጊዜ ትለዋለች።”

ወይዘሮ በላይነሽ ዞረው አዩኝ። “ወይዘሮ ደመቀች፣ አንኮበር የት ላይ ነው ያሉኝ?”

“ከከተማው ወረድ ብሎ” አልሁ።

“ወረድ ብሎ” አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ለሻጩ “ለዛሬ ይቆየን፣ ሌላም ቤት እንይ” አሉት። ስንወጣ ሚኪያስ ሻይ ካልጠጣችሁ አለን። እሳቸው ጦም ላይ ነኝ አሉ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

ሳምንት አልሞላም፣ ሚኪያስ ማታ ወደኛ መጣና ስልኩን ለእየሩሳሌም ሰጣት። እኔ ጓዳ ነበርሁ። ድምፅህን ሰማሁት፣ ወንድሜ። ስንት ዓመቴ ድምፅህን ደስ ብሎኝ ስሰማ፣ ያን ዕለት ግን የጓዳውን በር መለስ አደረግሁት። “አክስቴ ናት የላከችልኝ” አለ ልጁ። “ይሄ ሰውዬ ዘመዳችሁ ነው እንዴ?” እየሩሳሌም “ኧረ አላውቀውም” አለች። እውነቷን ነው፣ መልክህን አታውቀውም። ከዚያ ወደ ጓዳው “እማ፣ ነይ እስቲ” ብላ ጠራችኝ። ሽንኩርት እየላጥሁ ነው አልሁ። አልወጣሁም።

ልጁ ከሄደ በኋላም አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኋት። ሁለታችንም እራት በልተን ተኛን።

አጥፋው ወርቅአገኘሁ። ለዳግማይ ትንሣኤ ጥቂት ነው የቀረው። ገንዘብም አትላክ፣ ሌላም አልጠይቅህም።

እህትህ
ደመቀች


ሻርጃ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ደመቀች፣

ለጦሙ ብርታቱን ይስጥዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኝ ሰነበተ። መልስ ያዘገየሁት እየጻፍኩ እየቀደድኩት ነው።

እትዬ፣ ምን አጠፋሁ? የሰው ስም አላነሣሁ፣ ማንንም አልሰደብኩ። እርስዎ የኔን ልጅነት ያውቃሉ። አንኮበር ተማሪ ቤት ሳለሁ ውኃ የጠጣሁበትን ቅል ድንጋይ ላይ አጋጭተው ሲሰብሩት ቆሜ አይቻለሁ። ሕፃን ሲታመም ወደ ቤታችን ያዩ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ለልጁ ክርስትና መስቀል ሲፈልግ በጓሮ በር እየመጣ አያቴን ይለምን ነበር። እዚህ አገር ግን ወርቅ አንጣሪ ነኝ ስል ወንበር ይለቁልኛል። በየሳምንቱ ከየአገሩ ሰው ይጽፍልኛል፤ “እኛም የባለጅ ልጆች ነን፣ እስከ ዛሬ ደብቀን ነበር” ይሉኛል። አንዲት ልጅ የአያቷን መዶሻ ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። እሱን ባጠፋው እነዚህን ምን እላቸዋለሁ?

ደግሞስ እስከ መቼ ነው? ባልዎ ሳያውቅ ሞተ። እየሩሳሌም ሳታውቅ ልታገባ ነው። ሚኪያስ እውነተኛ ወንድ ከሆነ ይወቅና ይውሰዳት። ካልሆነ ደግሞ አሁን መቅረቱ ይሻላል። ይህን በመጻፌ ይቀየሙኛል፤ ግን ልቤ ያለውን ነው የጻፍኩት።

ሠርጉን ልርዳ ብል አይፈቅዱልኝም። ቢሆንም ለበዓሉ በግ ብዬ ልኬያለሁ። አይመልሱት።

ታናሽዎ
ወርቅአገኘሁ


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወርቅአገኘሁ፣

እንደምን አለህ? በዓሉ እንዴት ዋለ? እኛ በጉን አልገዛንም፤ ሁለት ሰው በግ አይጨርስም።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። በሆሣዕና ዋዜማ ሽማግሌዎቹ መጥተው “ዘንድሮ ጊዜው አይመችም፣ መንገዱም አይታመንም፣ ትንሽ ይራዘም” አሉ። እስከ መቼ ስላቸው አንዱ አንዱን አየ።

ነገሩ ከነሱ ቤት ወጥቷል። ማን እንዳወጣው አላውቅም፣ ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው ብዬም አልምልም። እየሩሳሌም የምታስተምረው ትንንሾቹን ነው፤ አንዲት እናት ልጄን ወደ ሌላው ክፍል አዛውሩልኝ አለች። ቀጥሎ ሌላዋ። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ “ክፍሉ ጠበብ ብሎብሽ ስለነበር ደስ ይበልሽ” አላት። እሷም መጀመሪያ አምናው ነበር። ኋላ አንድ ልጅ እስክሪብቶ ስትቀበለው እጁን ሸሸገ። “እማዬ ዓይኗን አትየው ብላኛለች” አላት። አራት ዓመቱ ነው።

እኔንም የእድር ሴቶች አነጋገሩኝ፤ “ደመቀች፣ አንቺ ደክመሻል፤ ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት ምግብ ይዘሽ አትምጪ፤ እንዲያው መጥተሽ ቁጭ በይ” አሉኝ። በፍቅር ነው የተናገሩት፣ እጄን ይዘው። ሃያ ዓመት የኔን ወጥ በልተዋል።

ያን ዕለት ማታ እየሩሳሌም ጠየቀችኝ። መብራት ጠፍቶ ሻማ አብርተን ነበር።

“እማ፣ እኛ ምንድን ነን?”

ነገርኋት። የአያቴን ጎጆ፣ ወናፉን፣ አንተን፣ ሁሉንም። አልጮኸችም። “ለምን አልነገርሽኝም?” አለች። “እንዳይጎዳሽ” አልሁ። “ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ ወርቅ ቤቱ ውስጥ ዝም እል ነበር” አለችኝ። ስደብቃት የኖርሁበትን ምክንያት ሁሉ አስቤ ነበር፤ አንዱም ለዚህ አልሆነኝም።

አንተ ስለ ጀርባህ መቅናት ነገርኸኝ። እውነትህን ነው፣ ደስም ይለኛል። ብቻ አንተ ቀና ያልኸው እዚያ ሆነህ ነው፤ ጀርባው ያለው እዚህ ነው።

አሁን አጥፋ አልልህም፣ አጥፋው ብዬህ ነበር። ሌላ ልለምንህ። ደብረ ብርሃን ያለችው እህቴ ያልሃት እኔ እንዳልሆንሁ፣ ዘመድህ እንዳልሆንሁ ተናገር። ሽማግሌዎቹ ይህን ቢሰሙ ምናልባት ይመለሱ ይሆናል። እኔም በበኩሌ የሚጠይቁኝን አደርጋለሁ።

እህትህ
ደመቀች


ሻርጃ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ደመቀች፣

በምን አፌ ሰላም ልበልዎ። የዚያን ልጅና የእስክሪብቶውን ነገር ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አጥፍቼዋለሁ። ያንድ ወናፍን ብቻ አይደለም፤ ያንጥረኛው ልጅ የሚለውን ገጽ ጠቅላላ ዘጋሁት። ግን ሌሎች ሰዎች ቀድመው ወስደው በራሳቸው ገጽ ለጥፈውታል። አጥፉልኝ ብዬ ጻፍኩላቸው። አንዳንዱ አጠፋ፣ አንዳንዱ “ምን አስፈራህ?” ብሎ ተዘባበተብኝ።

ያዘዙኝንም ፈጽሜያለሁ። ገጹን ከመዝጋቴ በፊት፣ “ደብረ ብርሃን ያለችው ሴት ዘመዴ አይደለችም፤ ቃሉን ከሰው ሰምታ ነው የነገረችኝ፤ እኛና እሷ በደም አንገናኝም” አልኩ። እየደጋገምኩ ነው የቀዳሁት። በመጀመሪያዎቹ ላይ ድምፄ ያሳብቅብኝ ነበር።

ትርፉ ጉዳት እንዳይሆን እፈራለሁ። እባክዎ ቶሎ ይጻፉልኝ። ስደውል ስልክዎ አይነሣም።

ይቅር ይበሉኝ።

ወርቅአገኘሁ


ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለወርቅአገኘሁ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። ዘመኑን የሰላም ያድርግልህ፤ ወገብህንም ይማርልህ።

ሰኔ የጻፍኸው ደብዳቤ የደረሰኝ ጳጉሜ ላይ ነው። ከእድሩ ጸሐፊ ዘንድ ክረምቱን ከርሟል። ድሮ እቤቴ ድረስ የሚያመጣልኝ ሰው፣ አሁን መንገድ ላይ አግኝቶኝ “አንቺ፣ ፖስታ ነበረሽ መሰለኝ” አለኝ። ሄጄ ወሰድሁ። ስለዚህ የዘገየሁት ጠልቼህ አይደለም።

ሁሉንም ልንገርህና ይለቅልኝ። ያ “ዘመዴ አይደለችም” ያልኸው እዚህ ደረሰ። እኔ ነኝ ያዘዝሁህ፣ ጥፋቱም የኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ያልሰማ ብዙ ሰው ነበር። “አይደለችም የተባለችው ማን ናት?” ብሎ መጠየቅ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለት ቀን አልፈጀባቸውም፣ አገኙኝ።

በሐምሌ ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ደመቀች ይማሉልን አሉ። እሺ አልሁ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ መጽሐፍ ይዤ ማልሁ። “ወልደአረጋይ የሚባል አንጥረኛ አያት የለኝም፣ ከነሱም ወገን አይደለሁም” አልሁ። ያሳደገኝን ሰው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እንጀራ ያጎረሰኝን፣ የለኝም አልሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልቆረብሁም። የንስሐ አባቴም ምን ሆነሽ ነው ብለው ሲጠይቁኝ ታምሜያለሁ እላለሁ።

በሐሰት ከመማሌ የከፋው፣ ሳይረባ መቅረቱ ነው። ወይዘሮ በላይነሽ ጃንጥላ ይዘው አጠገቤ ቆመው ነበር። መሐላውን ስጨርስ ጃንጥላውን ወደኔ ዘንበል አደረጉልኝ፣ ጨዋ ሴት ናቸው አልሁህ እኮ። ከዚያ ቀስ ብለው “ወይዘሮ ደመቀች፣ እኔ አልጠላዎትም” አሉኝ። “ልጅዎንም እወዳታለሁ። ግን ሚኪያስ ሕፃን ሆኖ በበሽታ ሲንገላታ እኔ ነኝ በጀርባዬ ይዤ የተንከራተትሁ። ያኔ ዓይን በልቶት ነው ብለው የነገሩኝን ሰምቻለሁ። ልክ ይሁን ሐሰት አላውቅም። እኔ እፈራለሁ።” ፍርሃት በመሐላ አይወጣም።

ሚኪያስ አንድ ቀን ብቻ መጣ። ከበሩ አልገባም፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አስጠራት። እኔ መስኮቱ ጋ ነበርሁ።

“እኔ አላምንበትም” አላት።

“ታዲያ?” አለችው።

የአጥሩን እንጨት በጣቱ ይፍቅ ጀመር። እሷም እንዲናገር ጠበቀችው፤ ጠብቃው ጠብቃው፣ “በል ብርዱ ሳይመታህ ወደ ቤትህ ግባ” ብላው ተመለሰች። ቤት ገብታ የክረምት ተማሪዎቿን ደብተር ማረም ያዘች፤ ያኔ ገና ትምህርት ቤቱን አልለቀቀችም ነበር።

ነሐሴ ላይ ለቀቀች። ማንም አላስወጣትም፣ ይህንንም ላጣራልህ። ክፍሏ ውስጥ የቀሩት ልጆች ጥቂት ነበሩና እሷው ጻፈች። አዲስ አበባ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሥራ አገኘች፣ ቤትም ከአንዲት ሴትዮ ተከራየች። ልትሄድ ዕቃዋን ስታስተካክል እኔ ነኝ የጀመርሁት።

“የት አገር ልጅ ነሽ ቢሉሽ ደብረ ብርሃን አትበዪ” አልኋት። “ሰው ሰውን ያውቃል።”

“የት ልበል?”

“ጫጫ በዪ። ጫጫን ሁሉም አልፎት ነው የሚሄደው፣ ማንም ወርዶ አይጠይቅም።”

“ስለ ቤተሰብ ቢጠይቁኝስ?”

“እናቴ ሞታለች በያቸው” አልኋት።

አለቀሰች። እስከዚያ ድረስ በዚህ ሁሉ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ስታለቅስ አላየኋትም ነበር። አይሆንም ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ እውነት ልንገርህ፣ አይሆንም እንድትለኝ ፈልጌ ነበር። ፊቷን ጠረገችና ልብሷን ማጠፍ ቀጠለች። ቆይታ “እሺ” አለችኝ።

አንተን አልወቅስህም። ሁለታችንም እውነት ተናገርን፣ ሁለታችንም ዋሸን፣ ያው ነው የሆነው። ብቻ ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። ስምህ ያለበት ፖስታ በእድሩ ሣጥን በመጣ ቁጥር ገና ያልሰማው ይሰማል። የምትልክልኝንም ተው፤ ጡረታዬ ለአንድ ሰው ይበቃል።

ስለ እየሩሳሌም እንዳታስብ፣ ደህና ናት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውልልኛለች። ብቻዋን ከሆነች እማ ትለኛለች። አከራይዋ አጠገቧ ካለች ግን “እትዬ፣ እንደምን ነዎት? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው?” ትላለች። እኔም “ሁሉም ደህና ነው፣ ሰላም ይሉሻል” እላታለሁ።

ደመቀች